«ሊሞክሩብን ነው ወይ?» ከኦዊኖ እስከ ሙላጎ፣ ከሙላጎ እስከ ጎንቻ

በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን ስለ ነገሥታትም ስለ ጦርነትም አያወራም። የሚያወራው ስለ ክኒን ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ኦዊኖ ገበያ ውስጥ ነው። የሳይንስ ክበብ ልጆቻችን ነጭ ጋዎን ግዙልን እያሉ አንድ ተርም ሙሉ ሲወተውቱን ቆዩ። አዲስ ጋዎን ለእኛ ኪስ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ሁለት መምህራን ለወረቀት ጉዳይ ካምፓላ በወጣንበት ቀን ጊዜ ሰርቀን ኦዊኖ ገባን። ኦዊኖን ላላያችሁ፣ መርካቶ ሰልባጅ ተራን ብዙ ጊዜ አባዙትና በናኪቩቦ ስታዲየምና በታክሲ ተራው መካከል ጨምቁት፤ እሱ ነው። የወረቀት ስሙ ቅዱስ ባሊኩዴምቤ ገበያ ይባላል፤ በ1885 ለተገደለው ካቶሊካዊ ሰማዕት ለዮሴፍ ሙካሳ ባሊኩዴምቤ መታሰቢያ ነው። ወያላው ግን ሲጣራ ኦዊኖ ነው የሚለው፤ እኛም እንደ ወያላው እንጽፋለን።

ሰልባጅ ከምትሸጥ አንዲት እናት ዘንድ አምስት ጋዎን አገኘን። ዋጋ ስንከራከር «ሙሳዎ ናችሁ?» አለችን። ሙሳዎ በሉጋንዳ ሐኪም ማለት ነው። አስተማሪዎች ነን አልናት። ሳቀችና «እንግዲያው እሸጥላችኋለሁ፤ ነጭ የለበሰ ሁሉ ሊያክም አይመጣም፤ ሊሞክርም የሚመጣ አለ» አለች። ቀልድ ነበር፤ እኛም ሳቅን። ግን በመንገድ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። ምክንያቱም ይኸንኑ ቃል ከሳምንት በፊት ክፍል ውስጥ ሰምተነዋል።

እንዲህ ነው። አንድ የጤና ቡድን ወደ ሰፈራችን መጥቶ ስለሚጀመር ጥናት ገለጻ አድርጎ ነበር። መድኃኒቱ የሚሰጠው ላልታመመ ሰው ነው፤ ኢንፌክሽን ሳይመጣ ቀድሞ ይከላከል እንደሆነ ለማየት። ግማሹ መድኃኒቱን ያገኛል፣ ግማሹ አያገኝም፤ ማን ያገኛል የሚለውን ዕጣ ይወስነዋል። ቡድኑ ወረቀት በትኖ ሄደ። በማግስቱ አንዲት የሲኒየር ቱ ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ መድኃኒት ለታመመ ነው የሚሰጠው። ላልታመመ ሰጥቶ፣ ግማሹን ደግሞ ባዶ ክኒን ማዋጥ ምን ይባላል? ሊሞክሩብን ነው ወይ?» አለችን። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም፣ ለምን እንዋሻለን፣ ዩኒቨርሲቲን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጠን የወጣን ሰዎች ነንና መልሱ በእጃችን አልነበረም። «ሳናነብ አንመልስም» አልናት። ይህ ጽሑፍ ያነበብነው ነው።

የጥርጣሬው ምንጭ

በመጀመሪያ፣ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ በሚባል ቦታ፣ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው ወደ 400 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶች «እያከምናችሁ ነው» እየተባሉ ሳይታከሙ በሽታው የሚያደርሰው ጉዳት ሲመዘገብባቸው ኖሯል። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን በ1940ዎቹ ታውቆ ነበር። ለእነሱ ግን አልተሰጣቸውም። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው። ይህን ዓመት ያዙልን፤ ወደ ካምፓላ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ታዲያ ሙከራ ሁሉ ተስኪጊ ነው ወይ? አይደለም። የጎጃም ገበሬ አዲስ የጤፍ ዘር ቢሰጡት ማሳውን በሙሉ አይዘራበትም። ከፊሉን በአዲሱ፣ ከፊሉን በነባሩ ይዘራና አዝመራው ሲደርስ ያመዛዝናል። አዲሱን ለም መሬት ላይ፣ ነባሩን ጭንጫ ላይ ከዘራ ግን ራሱን ነው የሚያታልለው። በሰው ላይ በሚደረግ ጥናት ዕጣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሐኪሙ ጠንካራ ጠንካራውን መርጦ አዲሱን መድኃኒት እንዳይሰጥ፣ ሀብታሙ ተሽቀዳድሞ እንዳይወስድ። ባዶው ክኒን ደግሞ፣ በሙያው ቋንቋ ፕላሴቦ የሚባለው፣ መድኃኒት ወስጃለሁ ብሎ ማሰብ ብቻውን የሚያመጣውን ለውጥ ለመለየት ነው።

የመከላከያ ጥናት ከማከሚያ ጥናት ይከብዳል። የታመመ ሰው ዳነ አልዳነ ይታያል። ያልታመመው ግን መድኃኒቱ ጠብቆት ይሁን ድሮም የማይታመም ሆኖ በምን ይታወቃል? አንድ ሰው ተይዞ አይታወቅም። ብዙ ሺህ ሰው ለብዙ ወር መከታተልና የሁለቱን ወገን ቁጥር ማወዳደር ግድ ነው። ልጅቷ «ላልታመመ ሰው» ያለችው እንግዲህ የጥናቱ ስሕተት ሳይሆን የጥናቱ ዓይነት ነው።

ካምፓላ፣ 1990ዎቹ

ከኦዊኖ አጠገብ ካለው ታክሲ ተራ የዋንደጌያውን ታክሲ ብትይዙ ብዙም ሳትቆዩ ሙላጎ ኮረብታ ትደርሳላችሁ። ሙላጎን በ1913 የመሠረቱት እንግሊዛዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም አልበርት ኩክ ናቸው፤ ሥራው የተጀመረው በአባላዘር በሽታ ሕክምና ነው። ትልቁ ሕንፃ የተሠራው ዩጋንዳ ነፃ በወጣችበት በ1962 ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካምፓላ የእርግዝና ክትትል ከሚያደርጉት እናቶች ከመቶ ወደ 30 የሚጠጉት ቫይረሱ በደማቸው ይገኝ ነበር። ያቺ የኦዊኖ እናት በዚያ ዘመን ወጣት ነበረች ማለት ነው። እሷ ካለችበት የሰልባጅ መደዳ ስንቱ ሰው እንደተቀበረ አልጠየቅናትም።

የመጀመሪያው ትልቅ ጥናት በቲቢ ላይ ነበር። የቲቢ ጀርም ሰውነት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ኤችአይቪ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክመው ይነቃል። ታዲያ ጀርሙ ተኝቶ ሳለ በመድኃኒት ብንቀድመውስ? የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች 2,736 ቫይረሱ ያለባቸውን አዋቂዎች በዕጣ መድበው ተከታተሉ። ውጤቱ በ1997 መስከረም ወር ታተመ። ክንዳቸው ላይ በተደረገ የቆዳ ምርመራ ጀርሙ እንዳለባቸው ከታወቁት መካከል፣ አይሶናያዚድ የተባለውን ርካሽ ክኒን ለስድስት ወር የወሰዱት በቲቢ የመያዛቸው ዕድል ፕላሴቦ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በሁለት ሦስተኛ ያህል ቀነሰ። የቆዳ ምርመራው ምንም ላላሳየባቸው፣ ሰውነታቸው በጣም ለደከመ ሰዎች ግን ይኸን ያህል አልጠቀመም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ታወቀ። የአይሶናያዚድ ብቻውን ጥበቃ ከአንድ ዓመት በላይ አልዘለቀም፤ ሪፋምፒሲን የተጨመረላቸው ሰዎች ጥበቃ እስከ ሦስት ዓመት ቆየ። መከታተሉ ባይቀጥል ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር።

ሁለተኛው ጥናት ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚከላከል ነው፤ ሙላጎን በዓለም ያስጠራውም እሱ ነው። ምንም ካልተደረገ ከመቶ ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በእርግዝና፣ በምጥ ወይም በጡት ይያዛሉ። አሜሪካና ፈረንሳይ ውስጥ በ1994 የተገኘ መፍትሔ ነበር፤ እናት በእርግዝናዋ ኤዜድቲ የተባለውን መድኃኒት በቀን አምስት ጊዜ ትወስዳለች፣ ምጥ ላይ በደም ሥር ይሰጣታል፣ ሕፃኑም ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በዚህ መንገድ የመተላለፍ ዕድሉ ከመቶ 25.5 ወደ 8.3 ወርዷል። ድንቅ ነው፤ ግን ዋጋው ለአንዲት እናት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከዚያም እናቲቱ ጡት አታጠባም። በካምፓላ ይህን ማን ይችላል?

ሙላጎ ላይ የተሞከረው ኔቪራፒን ነው። እናት ምጥ ሲጀምራት 200 ሚሊግራም የሆነች አንዲት ክኒን ትውጣለች፣ ሕፃኑ በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ ጥቂት ሽሮፕ ይቀምሳል፤ በቃ። ኔቪራፒን ከደም ቶሎ አይወጣም፣ ወደ ሕፃኑም ፈጥኖ ያልፋል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ የበቃው። እናቲቱ ክኒኗን ቤቷ ይዛ ሄዳ ምጥ ሲመጣ ልትውጣት ትችላለች። ከኅዳር 1997 እስከ ሚያዝያ 1999 ድረስ 626 እናቶች በዕጣ ተመደቡ፤ ግማሾቹ ኔቪራፒን፣ ግማሾቹ አጭር ኤዜድቲ አገኙ። ሕፃናቱ አሥራ አራት አሥራ ስድስት ሳምንት ሲሞላቸው፣ ከኤዜድቲው ወገን ከመቶ 25.1፣ ከኔቪራፒኑ ወገን ከመቶ 13.1 ተይዘው ተገኙ። በግማሽ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። የመድኃኒቱ ዋጋ ለእናትና ለልጅ በአራት ዶላር ገደማ ተገመተ። ጥናቱን ከመሩት መካከል ፍራንሲስ ሚሮና ፊሊፓ ሙሶኬ የማኬሬሬ ሰዎች ናቸው፤ ሎራ ጓይና ብሩክስ ጃክሰን ከአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

ባዶው ክኒን ያስነሳው ክርክር

እዚህ ላይ ነው የተማሪያችን ጥያቄ የሚመጣው። ያ በ1997 መስከረም የታተመው የቲቢ ጥናት በወጣበት በዚያው መጽሔት፣ በዚያው ዕለት፣ ሁለት ሌሎች ጽሑፎች ወጡ። ፒተር ሉሪና ሲድኒ ዎልፍ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ መድኃኒት እንዳለ እየታወቀ በድሃ አገር ለነፍሰ ጡሮች ፕላሴቦ መስጠት ከሥነ ምግባር ውጭ ነው ብለው ከሰሱ። የመጽሔቱ አርታኢ ማርሻ ኤንጅል ደግሞ ተስኪጊን እያነሳች፣ የካምፓላውን የቲቢ ጥናት ራሱን ጭምር ነቀፈች። በአሜሪካ የቆዳ ምርመራው ጀርሙ እንዳለበት ላሳየና ቫይረሱ ላለበት ሰው አይሶናያዚድ እንዲሰጥ ይመከር ነበርና፣ እዚያ የማይደረገው እዚህ ለምን ይደረጋል? ነው ነገሩ።

መልስ የሰጡት ነጮች ብቻ አልነበሩም። የዩጋንዳ ካንሰር ኢንስቲትዩት የኤድስ ምርምር ኮሚቴ ሊቀመንበር ኤድዋርድ ምቢዴ ለአሜሪካ የጤና ኃላፊዎች በጻፉት ደብዳቤ ተቆጥተው ነበር። ጥናቱ ዩጋንዳውያን ለዩጋንዳውያን ችግር የሚያደርጉት ነው፤ ለእኛ የሚበጀውን ከሩቅ ሆኖ የሚወስንልን ሰው አንፈልግም የሚል ይዘት ነበረው። እኛ ሁለቱንም ወገን ስናነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ልባችን ወደ ምቢዴ አደላ። ስደተኛ የሆነ ሰው ሌላው ስለ እሱ ሲወስንለት ምን እንደሚሰማው ያውቀዋላ! በኋላ ግን የኤንጅል ጥያቄም እረፍት ነሳን። ፕላሴቦ የደረሰባት የካምፓላ እናት «በአገርሽ መድኃኒቱ የለም» ተብሎ ተነገራት። መድኃኒቱ የሌለው ግን ተፈጥሮ ስለከለከለ አይደለም፤ ውድ ስለሆነ ነው።

የሚገርመው፣ ነገሩን የፈታው ክርክሩ ሳይሆን ሌላ ጥናት ነው። የሙላጎው የኔቪራፒን ጥናት ሲጀመር የፕላሴቦ ወገንም ነበረው። በ1998 የካቲት ከታይላንድ አጭር ኤዜድቲ እንደሚሠራ ዜና ሲመጣ ያ ወገን ወዲያው ተዘጋ። እስከዚያ ድረስ ፕላሴቦ የደረሳቸው እናቶች 19 ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ። በትልልቅ ቁጥሮች መካከል ስናልፍ ይህች ቁጥር እግራችንን ይዛ አስቀረችን።

ኔቪራፒን ከዚያ በኋላ ብዙ ታሪክ አለው። በደቡብ አፍሪካ መንግሥት በአብዛኞቹ የሕዝብ ሆስፒታሎች እንዳይሰጥ አግዶ ስለነበር ተከሰሰ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2002 ሐምሌ እንዲሰጥ ወሰነ። በዚያው ዓመት ደግሞ የሙላጎው ጥናት መዝገብ አያያዝ ላይ ጉድለት ተገኘ፤ የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርቶች የዘገዩና ያልተሟሉ ነበሩ። በ2004 ነገሩ የዓለም ዜና ሆነ። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2005 መርምሮ ጉድለቱ እንዳለ አምኖ፣ የጥናቱ ድምዳሜ ግን የሚታመን ነው አለ። መዝገብ መያዝ አሰልቺ ነው ለሚሉ ተማሪዎቻችን ይህን በተለይ እናስተላልፋለን። የክፍል ስም ጥሪ ላይ እንኳ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል!

ሌላም መዘዝ መጣ። ከደም ቶሎ አለመውጣቱ፣ ያው ጥቅሙ የነበረው ነገር፣ ጉዳት ሆነ። መድኃኒቱ እየሳሳ ለብዙ ቀን ሲቆይ ቫይረሱ ይለማመደዋል። ከሙላጎ እናቶች ከአምስቱ ወደ አንዷ በሚጠጉት ላይ ኔቪራፒንን የተላመደ ቫይረስ ተገኘ። ስለዚህ ዓለም ከአንዲቷ ክኒን እያለፈ ሄደ። ማላዊ በ2011፣ ዩጋንዳ በ2012፣ ኢትዮጵያ በ2013 ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ሙሉ ሕክምና ጀምራ ዕድሜ ልኳን እንድትቀጥል ወደሚያደርገው አሠራር ገቡ።

ከዚያ በፊት ግን አዲስ አበባና ካምፓላ በአንድ ጥናት ላይ ተገናኝተዋል፤ ይህን ብዙዎቻችን አናውቅም። ሕፃኑ ከአንድ ቀን ይልቅ ስድስት ሳምንት ኔቪራፒን ቢወስድ ጡት እየጠባ ይጠበቃል ወይ ተብሎ በአዲስ አበባ፣ በካምፓላና በህንዷ ፑኔ ተሞከረ። ውጤቱ በ2008 ታተመ። በስድስት ሳምንት ዕድሜ የተያዙት ሕፃናት ከመቶ 5.3 ወደ 2.5 ወረዱ። በስድስት ወር ላይ ግን ልዩነቱ ጠበበ፤ ከመቶ 9 እና ከመቶ 6.9። መድኃኒቱ ቆመ፣ ጡቱ ግን አልቆመም። እናቶቻችን ልጅ የሚያጠቡት ስድስት ሳምንት እንዳልሆነ ለመገመት ላንሴት የተባለውን መጽሔት ማንበብ አያስፈልግም ነበር እንላለን፤ ግን መለካቱ አስፈልጓል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች መድኃኒቱን እስከ ስድስት ወር አራዘሙት።

ሴፕትሪን

ሰፈራችን ውስጥ ሴፕትሪን የማያውቅ የለም፤ አገር ቤት ባክትሪም የምንለው ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ኮትሪሞክሳዞል። ርካሽ፣ አሮጌ መድኃኒት ነው። በ2004 የታተመው የቶሮሮ ጥናት (ቶሮሮ በኬንያ ድንበር በኩል ነው) ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች በየቀኑ ሴፕትሪን ሲወስዱ ሞት ከመቶ 46፣ ወባ ከመቶ 72 እንደቀነሰ አሳየ። ልብ በሉ፣ እዚህ ዕጣ የለም። ሰዎቹን ለአምስት ወር ያህል ያለ ሴፕትሪን ተከታተሏቸው፣ ከዚያ ለሁሉም ሰጡና ከፊቱንና ከኋላውን አወዳደሩ። በዚያ ዘመን «ጀርሙ ሴፕትሪንን ለምዶታል፣ አይሠራም» የሚሉ ነበሩ። ሠራ። በ2014 ደግሞ በዩጋንዳና በዚምባብዌ የኤችአይቪ መድኃኒት ጀምረው ደህና የሆኑ 758 ልጆች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ሴፕትሪን እንዲያቆሙ ተደረገ። ያቆሙት በወባና በሳንባ ምች ይበልጥ ሆስፒታል ገቡ። አንዳንዴ ጥናት የሚጠይቀው «እንስጥ ወይ?» ሳይሆን «እናቁም ወይ?» ነው።

ጎንቻ ሲሶ እነሴ

አሁን አገር ቤት እንግባ። ከእኛ መካከል ከምሥራቅ ጎጃም የመጡ አሉ፤ አያቶቻቸው ወረንጦ ከቀሚሳቸው ኪስ እንደማይጠፋ ያስታውሳሉ። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌን ሲወጋ ጸጉሩን በወረንጦ ይለቅሙታል። ይህ ትራኮማ ነው፤ ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን በእጅ፣ በጨርቅ፣ በዝንብ የሚሄድ ጀርም የሚያመጣው። በ2006 ገደማ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶ 62 በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው።

በዚያው በ2006 በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ትልቅ ሙከራ ተጀመረ። ዕጣ የወጣው ለሰው ሳይሆን ለጎጥ ነው፤ አንዱ ቀበሌ ክፍል በዓመት አንዴ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ደግሞ ልጆቹ ብቻ በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን ይወስዳሉ። ልኬቱ በሚዛን አይደለም፤ ልጁን በተሰነጠረ የቁመት መለኪያ እንጨት አጠገብ አቁሞ ቁመቱ የደረሰበትን መጠን መስጠት ነው። አንዱ ወገን ደግሞ ለአንድ ዓመት ሳይወስድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይሰጠዋል። ባዶ ክኒን የለም፤ የዘገየ ተራ ነው ያለው። ለተማሪያችን ጥያቄ ከሁሉ ቅርብ ሆኖ ያገኘነው መልስ ይህ ነው።

ውጤቱ አስገራሚ ሆነ። በየሦስት ወሩ በወሰዱት ጎጦች ጀርሙ የተገኘባቸው ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 48 ገደማ ወደ 4 የማይሞላ ወረዱ። ያልወሰዱት አዋቂዎች እንኳ ከልጆቹ የሚጋባባቸው ቀነሰ። ሽንት ቤት መቆፈር ቢጨመርበት ይበልጥ ይረዳል ተብሎም በአንድ ወገን ተሞክሮ ነበር፤ በተደረገው ክትትል ልዩነት አልታየም። (የጤና ክበብ ልጆች፣ ይህን ይዛችሁ ቁፋሮ እንዳታቆሙ! ሽንት ቤት ለሌላም በሽታ ነው።)

ያልተጠበቀው ግን ሌላ ነበር። በ2009 እንደታተመው፣ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው ጎጦች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች ሞት፣ ተራቸውን ከሚጠብቁት ጋር ሲነጻጸር፣ በግማሽ ያህል አነሰ፤ በዓመት ከሺህ 8.3 ሳይሆን 4.1። ለዓይን የተሰጠ ክኒን የልጅ ሕይወት አተረፈ! አንዲት ወረዳ ብቻ ናትና ተጠራጠሩ። ስለዚህ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ወደ 190 ሺህ የሚጠጉ ጨቅላ ልጆች ላይ በድጋሚ ተሞከረ። በ2018 ውጤቱ ሲወጣ ሞት ከመቶ 13.5 ቀንሶ ተገኘ፤ የጎንቻን ያህል አይደለም፣ ግን እውነት ነው።

ሂሳቡ ግን ሌላ ገጽ አለው። በዚያው በጎንቻ፣ በየሦስት ወሩ በሚወስዱት ልጆች አፍንጫ ውስጥ ያለው የሳንባ ምች ጀርም ተመረመረ። መድኃኒቱን የተላመደው ጀርም የተገኘባቸው ልጆች መጀመሪያ ከመቶ 3.6 ነበሩ፤ በዓመቱ 46.9 ሆኑ። ተራቸውን በሚጠብቁት ጎጦች በዓመቱ የተገኘው 9.2 ብቻ ነው። እንግዲህ ዛሬ የሚያድነው መድኃኒት ነገ እንዳይሠራ የሚያደርገውም ራሱ ነው።

ይህን ስናነብ በራሳችን አፈርን። በ2015 መሀል ካምፓላ በተበከለ ውኃና በመንገድ ጁስ ታይፎይድ ሲነዛ፣ ከታክሲ ተራው ጁስ ጠጥተን ደነገጥንና ከመድኃኒት መሸጫ ሁለት ፍሬ ሲፕሮ ገዝተን «ለመከላከያ» ውጠን ነበር። ሁለት ፍሬ! ዕጣም የለ፣ መዝገብም የለ፣ የሚከታተልም የለ። የሰፈራችን ሰው ቡድኑ ሊሞክርብን ነው ሲል፣ በራሳችን ላይ በየቀኑ የምንሞክረውን ማንም አልቆጠረውም።

ለተማሪዋ በሚቀጥለው ሳምንት ያነበብነውን ሁሉ ነገርናት። የሙላጎን 19 እናቶች፣ የጎንቻን የዘገየ ተራ፣ ተስኪጊንም አልደበቅናትም። ዝም ብላ አዳመጠችና ደብተሯን አውጥታ ቡድኑ ሲመለስ የምትጠይቀውን መጻፍ ጀመረች። ያልደረሰው ወገን በኋላ ይሰጠዋል ወይ? በመካከል ልውጣ ብል ክሊኒክ ስሄድ ፊት ይነሱኛል ወይ? ሦስተኛውን ስትጽፍ እኛን ቀና ብላ አየችን፤ «ቲቸር፣ ጥናቱ ሲያልቅና መድኃኒቱ እንደሚሠራ ሲታወቅ፣ ለስደተኛም ይሰጣል ወይ?» ብላ አሰማችንና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ቡድኑ የሚመለሰው በሚቀጥለው ወር ነው። ስብሰባው በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ስለሚሆን ወላጆችም መምህራንም እንድትገኙ ጋብዘናል። ጋዎኖቹ ታጥበው በሳይንስ ክበቡ በር ጀርባ ተሰቅለዋል፤ አንዱ ቁልፍ የለውም፤ ቁልፍ ያለው ሰው ቢያቀብለን።